ስለ አባ መጋረጃ ኅልፈትና ስለዘገየው እርማት

የመድኃኒት ዕፅዋት ምርምር ማዕከላችንን በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ለሠላሳ አንድ ዓመታት ያገለገሉት፣ ሁላችንም «አባ መጋረጃ» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የማዕከሉ አመራርና ሠራተኞች በእጅጉ አዝነናል። ይህን መግለጫ እንዲያረቅቁ የተመደቡት ሦስት ባልደረቦችም ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ሁለት ጊዜ አልቅሰው ተነሥተዋል።

አባ መጋረጃ ሥራ የጀመሩት ቅጠል በማድረቅና በመፍጨት ነው። አንድ ቅጠል ጥላ ውስጥ ይድረቅ ፀሐይ ላይ፣ በማሽተት ብቻ ይለዩ ነበር።

በአራተኛው የአገልግሎት ዓመታቸው ማዕከሉ አርባ ሁለት ዕፅዋትን በካንሰር ሕዋሳት ላይ ሞክሮ አንዱም አልሠራ ብሎት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አባ መጋረጃ በመሞከሪያ ሳህኖቹ ላይ የተጻፈውን ደቃቅ ቁጥር ለማንበብ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ አደረጉ። ወዲያው ስልክ ተደወለላቸው፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ተወልዳለች። ሳህኖቹን መስኮቱ ሥር ትተው የምሥራቹን ከክፍል ክፍል እየዞሩ ሲናገሩ አንድ ሰዓት አለፈ። በማግስቱ የአንዲት ቅጠል ጭማቂ በገባባቸው ሳህኖች ውስጥ የነበሩት ሕዋሳት ሞተው ተገኙ። አብረዋቸው ፀሐይ የመታቸው፣ ጭማቂው ግን ያልነካቸው ሕዋሳት ደህና ነበሩ። ያንኑ ጭማቂ ይዘው ጨለማ ውስጥ የቀሩትም ምንም አልሆኑም። ቅጠሏ የምትሠራው ብርሃን ሲያገኛት ብቻ መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ጥፋታቸውን መደበቅ ይችሉ ነበር። በመዝገቡ ላይ በእጃቸው የጻፉት ግን ዛሬም ይነበባል፦ «መጋረጃውን ከፍቼ ረሳሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅ ተወልዳልኝ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ድርብ ጥቁር መጋረጃ አለው። የሰፉት ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸውም በሩ ላይ «መብራት ከማብራትህ በፊት እኔን አስፈቅድ» የሚል ወረቀት ለጠፉ፤ ዳይሬክተሩም ሳይቀሩ ያስፈቅዱ ነበር። ባለቤታቸው «ኧረ ቤትም መብራት እያጠፋ አስቸገረኝ» ብለው ስሞታ ያቀረቡበት ቀን አይረሳንም።

በኋለኞቹ ዓመታት ስለ ቅጠሏ የሰሙ ሕሙማን በራችን ድረስ መምጣት ጀመሩ። አጠገባቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያነጋግሯቸው አባ መጋረጃ ነበሩ። «ገና ነው እናቴ፤ ሳህን ላይ ነው ያለነው። ሐኪምዎን እንዳይተዉ» ይሏቸዋል። ከዚያ እስከ ታክሲው ይሸኟቸዋል። ተመልሰው ሲመጡ በቀጥታ ወደ ሳህኖቻቸው ይገቡ ነበር።

እዚህ ላይ ማዕከሉ ስለ ራሱ መናገር ይገባዋል። የመጀመሪያው ሪፖርታችን ግኝቱን «በማዕከሉ የታቀደ የብርሃን ሙከራ ውጤት» ሲል አወጣው። አባ መጋረጃ በየዓመቱ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው «ያ ነገር ይታረም» ይሉ ነበር። ምስጋና ፈልገው አይደለም። «ጥፋት የማይጻፍበት ቤት ከሆነ ልጆቹ መደበቅ ይለምዳሉ» ነበር የሚሉት። መልሳችን ሁልጊዜ «ይታያል» ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛው ግን ሃያ ሰባት ዓመት አደረ። ሆስፒታል ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜም ከትራሱ ቀና ብለው ያንኑ ጠየቁን። አፋችን ለምዶ «ይታያል» አልናቸው። ሳቁልን። በአራተኛው ቀን ዐረፉ።

እኛ ግን ያንን ሳቅ ይዘን መቀመጥ አልቻልንም።

ማዕከሉ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለመላው ቤተሰባቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል። ሪፖርቱም ከዛሬ ጀምሮ እንደሚከተለው ታርሟል፦ «ሙከራው የታቀደ አልነበረም። የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ መጋረጃውን ከፍተው ረስተውት ነው፤ ልጅ ተወልዳላቸው ነው። ስህተቱም ግኝቱም የእሳቸው ነው። መዘግየቱ የእኛ ነው።»

የታረመው ገጽ የመጀመሪያ ቅጂ በዚያ ቀን ለተወለደችው ልጃቸው ይሰጣል።