ጋቢህን አጠብኩት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለደምሴ። እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህ በብርድ ይነሣብህ ነበር፣ አስመራ ላይ ተሻለህ ወይ? እህል ውሃውስ ተስማማህ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጨርሰው ግን የልጅህ የዘነበች ነገር አላስችል አለኝ። በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ራሴ ነው የምጽፍልህ፤ ይህን ለሌላ ሰው ነግሬ ማስጻፍ ፈራሁ።

ከመስከረም ወዲህ ልጅቱን ትንፋሽ ያጥራታል። ደረቷ ሲር ሲር ይላል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ትከሻዋን ወደ ላይ እየሳበች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አደራ ያልከው እኔን ነው። በእጄ ላይ ልትቀር ነው ብዬ ሌሊት ሌሊት ትንፋሿን ሳዳምጥ ከረምኩ። እናታችን ብርድ ነው ብለው አጎዛ ላይ አጎዛ ደረቡላት፤ በላዩም ያንተን ጋቢ። ባለበስናት ቁጥር ባሰባት።

በመጨረሻ ባለቤቴ ሞላ በበቅሎ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አደረሰን። ሐኪሙ አስም ነው አለ። ኪኒን ሰጣትና ምን ላይ እንደምትተኛ ጠየቀኝ። በአጎዛና ሳይታጠብ በቆየ ልብስ ውስጥ፣ ከትቢያው ጋር፣ በዓይን የማይታይ ተባይ አለ፤ የሚያፍናት የእሱ ብናኝ ነው አለኝ። እኔማ ቤቴ ቁንጫ የለም ብዬ ተቆጣሁት። ሳቀና ቁንጫ አይደለም፣ ንጹሕ ቤት ውስጥም አይጠፋም አለ። አጎዛውን ከመኝታዋ አርቂ፣ የምትለብሰውን ሁሉ በፈላ ውሃ እጠቢ፣ ቤት ስትጠርጊ ውሃ አርከፍክፊበት፣ እሷንም ደጅ አውጫት አለኝ። በሽታው ጨርሶ ላይለቃት ይችላል፣ ከተጠነቀቅሽላት ግን ትኖራለች አለ።

አጎዛውን አወጣሁ። ጋቢው ላይ ስደርስ እጄ ተያዘ። የዘመትክ ዕለት ከላይህ አውልቀህ የተውከው ነው። እናታችን የዘማች ልብስ ሳይመለስ ከታጠበ ዱካው አብሮ ይታጠባል፣ ሰውየው አይመለስም ይላሉ። ደብዳቤህንም ከፍልሰታ ወዲህ አላየንም። ብተወው ልጅህን፣ ባጥበው አንተን የምገድል መሰለኝ። ለእናታችን ሐኪሙ ያለውን ባስረዳቸው፣ የወለድኩትን በቁሙ አትቅበሪብኝ ብለው እግሬ ላይ ወደቁ።

ልጅቱ በዚያው ሰሞን እንደገና ታፈነች። ኪኒኑ እስኪይዝላት አቅፌያት ሳለሁ ቆረጥኩ። ጠዋት ጋቢህን በፈላ ውሃ፣ በእንዶድ አጠብኩትና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እጄ ሲቃጠል እንኳ አልተሰማኝም። ከዚያ ወዲህ ልጅህ ጋደም ብላ ትተኛለች። እኔ ግን የቀበሌ ሰው ወደ ደጃችን ሲመጣ ባየሁ ቁጥር መርዶህን ይዞ መጣ ብዬ ጓዳ እገባለሁ።

ወንድሜ፣ እባክህ ጻፍልኝ። ጊዜ ባታገኝ ስምህን ብቻ ጽፈህ ላክልኝ።

ሞላ በጣም ሰላም ይልሃል። የክርስትና አባትህ መሪጌታ ገብረየሱስ በጸሎታቸው ያስቡሃል። እናታችን ግን ሰላም በይልኝ አላሉም፤ የእጅህን ጽሑፍ እስኪያዩ ከእኔ ጋር አይነጋገሩም። ዘነበች ጋቢውን ሳለብሳት አባቴን አባቴን አይሸትም ብላ አለቀሰች። ብዙ አለቀሰች፤ ትንፋሽ ግን አላጠራትም።

እኅትህ ፈንታነሽ
ፋርጣ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.