ድብልብሉ ፊደልና የባለቤቴ የመቃብር ድንጋይ

ለተከበሩ የከተማችን የምልክቶችና የጽሑፎች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ በመመሪያ እንዳወጡልን ፊደል የደነደነ፣ እንቅልፍዎም እንደ ጫፎቹ የለሰለሰ ይሁንልኝ እያልኩ፣ እኔ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው፣ ቢሮዎ ሊቀበለኝ ያልቻለውን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. በቅድሚያ ለፊደሉ አመሰግናለሁ። ወፍራም ነው፣ ድብልብል ነው፣ ማዕዘን የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ እውነቱን ለመናገር በከረሜላ ሱቁና በሕፃናት መዋያው በር ላይ ሳየው ደስ ይለኛል፣ ከሩቅም ይነበባል። ዳሩ ግን በከተማው ያለ ጽሑፍ ሁሉ በእሱ ብቻ እንዲጻፍ ስላዘዙ፣ የድንገተኛ ሕክምናው በርና የፍርድ ቤቱ ማስታወቂያም ጉንጫቸውን ነፍተው ይስቁብናል። ቤቱን ልቀቅ የሚባል ሰው ልደት የተጠራ እስኪመስለው ድረስ የሚያስብለት መሥሪያ ቤት ከየት ይገኛል?

፪. መሮ ቀጥ ብሎ ይቆርጣል፣ ጫፉንም ስል አድርጎ ይተወዋል። ጫፉን ላክብብ ያለ ሰው ድንጋዩን እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ መምታት አለበት፣ ድንጋይ ደግሞ ይህን አይችልም። ይህንኑ ለማስረዳት አራት ጊዜ ተመላለስኩ፣ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባዎ የተባረከ ይሁን።

፫. ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊደሉን በጠመኔ ድንጋዩ ላይ የምትጽፈው ባለቤቴ ነበረች፤ እኔ መስመሯን ተከትዬ በመሮ እቆፍራለሁ። ጽሑፏ ቀጭንና ትንሽ ዘመም ያለ ነበር። ሕመሙ ሲጠናባት የራሷንም ስም ራሷ ጻፈችው፣ ለእኔ ብትተወው እንደማጣምመው እየነገረችና እየሳቀችብኝ። ከሞተች በኋላ አንዲት መስመር ሳላዛንፍ ቆፈርኩት። ተቆጣጣሪዎ ግን መጥቶ በማስመሪያ ለካና፣ ፊደሉ ከመመሪያው ውጭ ስለሆነ ድንጋዩ እንዳይተከል የሚል ወረቀት ለጠፈበት። ይኸው ሰባት ወር ሙሉ ቁጥር የተጻፈበት ጣውላ ሥር ተኝታለች።

ታዲያ ምን አቅም አለኝ? የእጅ ጽሑፏን ፍቄ አጠፋሁት። ስፍቀው አልቅሻለሁ፣ ይህንንም አልደብቅዎትም። ከዚያ እንደ ትእዛዝዎ ድብልብሉን ጀመርኩ፤ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጨርሼ የሁለተኛውን ጫፍ ሳከብብ ድንጋዩ ከመሐል ለሁለት ተሰነጠቀ። ሌላ ድንጋይ ይገኛል፤ በጠመኔ የሚጽፍልኝ ግን የለም።

ለከተማችን ውበት ስለሚደክሙት ድካም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
ከደጅዎ የማልጠፋው፣ መመሪያ አክባሪው
ድንጋይ ጠራቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የድንጋዩን ስባሪ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የባለቤቴ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ተቆጣጣሪዎ ቢለካው ከመመሪያው ቅንጣት አይጎድልም። ማኅተም ካረፈበት በኋላ ግን እባክዎ እንዳይጥሉብኝ፤ ከስሟ የተረፈኝ እሱ ብቻ ነው።