ያንተው ቃል ነበር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ፣ አዲሱ ቤትስ ተስማማችሁ? እኛ አለን። እማዬ ወገቧን ቢያማትም ለፉፉ የሚሆነውን ካሳቫ ዛሬም ራሷ ነው የምትወቅጠው። ስለ ወንዙ መጠየቅ ስለተውክ ሳትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የወረዳ አስተዳዳሪ ሆነህ ልታነጋግረን ስትመጣ፣ ከኋላ ተነሥቼ የተናገርኩት አንድም የእኔ ቃል አልነበረበትም። ያኔ እነዚያ፣ ዛሬ ምርጫ የተሸነፉት፣ ሥልጣን ላይ ሳሉ፣ ወርቅ ቆፋሪዎቹ መሬት መቆፈሪያ ኤክስካቫተራቸውን ወንዙ ዳር ሲያቆሙ፣ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበትህ ገብተህ ያልከው ነው። የኩማሲ ከተማ ሬዲዮ ሳይቀር አስተላልፎልሃል። «ይህን ውሃ የሚያደፈርስ እናቱን ይመርዛል። መንግሥት ካላስቆመው ማሽኑን እናቃጥለዋለን» አላልክም? አጠገብህ ቆሜ ነበር፤ አልቅሻለሁም።

ቅዳሜ ያንኑ ስደግመው አዳራሹ ጮኸብኝ። ያኔ ያጨበጨቡልህ እነዚያው ሰዎች። አንተም ማይኩን ይዘህ፣ «የተሸናፊዎች አፍ ሆነሽ መጣሽ? ይኼ ልማት የሚጠላ ወንበዴ ንግግር ነው» አልከኝ። ፊትህን አየሁት። እያወቅህ ብትዋሽ ይሻለኝ ነበር። የራስህ ቃል መሆኑ ጭራሽ ጠፍቶብሃል፤ አንተ የሰማኸው የማን ወገን እንደተናገረው ብቻ ነው።

የእነዚያ ፓርቲ ሊቀ መንበር ኦዱሮ ደግሞ ደጅ ላይ ጠበቀኝ። ያኔ «ወርቅ ጠልታችሁ ጭቃ ልትበሉ ነው?» እያለ ሲያላግጥብን የነበረው ሰውዬ። «እህቴ፣ ወንዝ እኮ ነፍስ ነው» አለኝ። «ማሽኑ ያው፣ ቆፋሪው ያው፤ ጋሼ ኦዱሮ፣ ወንዙ የታያችሁ ምርጫ ስትሸነፉ ነው?» አልኩት። «እንግዲህ ፖለቲካ ነዋ» ብሎ ሳቀና የፓርቲያቸውን ኮፍያ ዘረጋልኝ። እጁ ላይ ትቼለት ሄድኩ።

እማዬ እንኳ፣ ወንዙ ደፍርሶባት በላስቲክ የታሸገ ውሃ እየገዛች፣ «ልጄ ልማት ነው ካለ ልማት ነው» ትላለች። እሷን ምን ልበላት?

ሰኞ ጠዋት ኤክስካቫተሩ ተቃጥሎ ተገኘ። ሰምተሃል። ያንተ ሰዎች «ያቃጠሉት የኦዱሮ ሰዎች ናቸው» ይላሉ። የኦዱሮ ሰዎች ደግሞ «እኛን ለማሳሰር እነሱው ራሳቸው አቃጠሉት» ይላሉ። ከሁለቱ ፓርቲዎች ኮፍያ አንዱን ያላደረገ ሰው ሊያቃጥለው ይችላል ብሎ ያሰበ የለም፤ ፖሊስም ሳይቀር። ከኦዱሮ ፓርቲ ልጆች ሁለቱን አስረዋል። ልጆቹ እጃቸው የለበትም፤ ደውለህ አስፈታቸው። በምን አወቅሽ ካልክ፣ ማይክህን ትተህ ና፣ ፊት ለፊት ጠይቀኝ። እስከ ዓርብ ካልመጣህ ጣቢያ የምሄደው እኔ ነኝ።

ፊደሌ ቢንጋደድብህ አትፍረድብኝ፤ የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ቀኙን እማዬ ማር ቀብታ ጠቅልላልኛለች። የፈላ ዘይት ነው ብያታለሁ።

አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ ውሃው ውስጥ ቆሞ የነበረውን ወንድሜንም ይመልስልኝ።

ታናሽ እህትህ