እናትህ ከእኔ ጋር ናቸው

ለባለቤቴ ለአስናቀ፣

አፈር ካለበስንህ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበትን ለሚያውቀው ትቼዋለሁ። የምጽፍልህ የቤቱን ሁኔታ ልነግርህና አንድ ያልነገርኩህን ነገር ከመጀመሪያው ላስረዳህ ብዬ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። በኩሽናው በኩል ሲያፈስ የነበረው ቆርቆሮ ተቀይሯል። የልብስ ስፌት መኪናዬን ከገበያው አንስቼ ወደ መናኸሪያው መንገድ ወስጃለሁ፤ አቧራው ብዙ ነው፣ ደንበኛውም አይጠፋም። የፍየል ክትባት ትይዝበት የነበረውን ሣጥን መሥሪያ ቤትህ ሰው ልኮ ወስዶታል። ልጃችን ማርታ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፤ ስትናደድ እንዳንተ አፍንጫዋን ታሻለች። እናትህም አሁን ሰቆጣ፣ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ይህ እንዴት እንደሆነ ነው የምነግርህ።

የቀብርህ ቀን ነው ነገሩ የጀመረው። ወደ ትውልድ አገርህ ደሃና ወስደን ከአባትህ አጠገብ ቀበርንህ። እናትህ በኽምጣና፣ በአገራችሁ አገውኛ፣ እያለቀሱ ሙሾ ያወርዱ ነበር። እኔ ከተማ ያደግሁ ነኝ፤ ኽምጣናዬ ከገበያ አያልፍም፤ ያንተው ማሾፊያ እንደነበረ ታስታውሳለህ። የሚሉትን አልሰማሁትም። ሴቶቹ ሁሉ ድንገት ዞረው ሲያዩኝ ግን የሆነ ነገር እንደተባለ ገባኝ። አጠገቤ የቆመችውን የአጎትህን ልጅ ጠየቅኋት። ልትነግረኝ አልፈለገችም። ስጨቀጭቃት ጊዜ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ "ልጄን ከጸበል አውጥታ ገደለችብኝ ነው የሚሉት" አለችኝ።

እንባዬ እዚያው ደረቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ እንደቆምኩ ሆኜ ነው ያየሁት።

አንተ ታውቃለህ። ሚካኤል ጸበል ሁለት ሳምንት ቆየህ። እናትህ ነበሩ የሚያስታምሙህ። እኔ መጥቼ ሳይህ ዓይንህ ብጫ ሆኖ፣ ሆድህ ተነፍቶ አገኘሁህና በዚያው ቀን አውጥቼ ወደ ደሴ ሆስፒታል ወሰድኩህ። በስድስተኛው ቀን አረፍክ። ሐኪሙን "ቀድመን ብንመጣስ?" ብዬ ጠይቄው ነበር። "እሱን ማወቅ አይቻልም" አለኝ። ይህን መልስ ይዤ ነው ቀብርህ ላይ የቆምኩት።

ለተዝካርህ ደሃና አልወጣሁም፤ እዚሁ ሰቆጣ ለብቻዬ አወጣሁልህ። ማርታንም ወደ አያቷ መላክ ተውኩ። እናትህ በመስከረም በሰው እጅ ማር ላኩልን፤ ዕቃውን ሳልከፍት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት ሰጠሁት። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ስለ እርሳቸው ለሰው ሳወራ "እሷ" ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰው ይደነግጥ ነበር፤ ኋላ ለመዱት።

ቂም ሥራ አያስፈታም፤ እሰፋለሁ፣ አበላለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ግን ከደንበኛ ጋር ያለ ነገሩ እጣላ ነበር። ማርታ ጥያቄ መጠየቅ አቆመች። አባታችን ሆይ ስደግም ይቅርታው ጋ ስደርስ አፌ ይያዝና ዘልዬው አልፍ ነበር። የንስሐ አባቴ ሥጋ ወደሙ መቀበል ለምን እንደተውኩ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። "ልብሽ እስኪለቅ አትጠብቂ። ልብ ብቻውን አይለቅም፤ አንቺ ነሽ ሄደሽ የምታስለቅቂው" አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ አልሄድኩም።

ባለፈው ዓመት ገብሱ ከታጨደ በኋላ የእናትህ ጎረቤት የሆኑት ቄስ ለገበያ መጥተው ሱቄ ደጅ ቆሙ። እናትህ ከደጃፉ ወድቀው እግራቸው እንደተሰበረ፣ ወጌሻ እንዳሰራቸው፣ እግሩ ግን እየባሰበት እንደሆነ ነገሩኝ። "ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ብንላቸው ልጄን የበላ ቤት አልገባም አሉ። ብታውቂው ብዬ ነው" አሉና ሄዱ።

እውነቱን ልንገርህ፤ በደግነት አይደለም የሄድኩት። ቃላቸውን ሳይመልሱ እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው። ማርታን ለጎረቤት ትቼ እስከ አምደወርቅ በመኪና፣ ከዚያ ግማሽ ቀን በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። አቀበቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ ተናግሬዋለሁ፤ አንዲት ውኃ የተሸከመች ሴት ቆማ አየችኝ።

ቤቱ ውስጥ መደቡ ላይ ተኝተው ነበር። ከስተዋል። ወጌሻው በእንጨት ስንጥር ያሰረው እግር አብጦ ይሸታል። "እንዴት ሰነበቱ?" አልኩ። በልቤ ያዘጋጀሁት በ"አንቺ" ነበር፤ አፌ ግን "እርስዎ" አለ።

"መጣሽ" አሉኝ በአማርኛ። እንደምታውቀው አማርኛቸው አጭር ነው፣ ቃል ሲጠፋቸው ይቆማሉ። እኔ ምንም ሳልናገር ራሳቸው ጀመሩ።

"አስናቀ ጸበል ላይ በአራተኛው ቀን 'እማዬ፣ አልሻለኝም፤ ሐኪም ጋ ውሰዱኝ፤ ለሚስቴ ላኩባት' አለኝ። እኔ 'ሱባዔው ይሙላ' አልኩት። ላንቺ 'እየተሻለው ነው' ብዬ ላኩብሽ። ውሸት ነው። አልተሻለውም ነበር። እኔ ነኝ ያቆየሁት። በቀብሩ ቀን ይሄን ማን ይሸከመዋል? ባንቺ ላይ ጣልኩት።"

ያ መልእክት እንዴት እንደደረሰኝ አስታወስኩ። "እየተሻለው ነው" ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ለሰርግ የታዘዘ ልብስ ልጨርስ ተቀመጥኩ።

አስናቀ፣ ቃላቸውን እንዲመልሱልኝ ነበር የሄድኩት፤ መለሱልኝም። ግን የባሰ ነገር ጨምረው ነው የሰጡኝ። እስከዚያ ቀን የያዝኩባቸው አንድ ክፉ ቃል ብቻ ነበር። አሁን አንተን ያቆዩበትን አሥር ቀን ያዝኩባቸው። ተነሥቼ ወጣሁ። ከግቢው አጥር ሥር ተቀመጥኩ። ወደ አምደወርቅ የሚመለስ ሰው ካለ አብሬ ልሂድ ብዬ መንገዱን አየሁ። ማንም አልነበረም።

እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩትን በትክክል ልነግርህ አልችልም። አንድ ነገር ግን አውቄያለሁ። በቀብሩ ቀን የተናገሩት ያን ያህል የጎዳኝ ሐሰት ስለሆነብኝ አልነበረም። እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ስለነበረ ነው። ያ የሰርግ ልብስ ባይኖር በመልእክት ብቻ አምኜ እቀመጥ ነበር ወይ? ባልሽ ታሟል እየተባልኩ እንዴት አሥር ቀን ቀረሁ? ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም ነበር።

ተመልሼ ገባሁና ነገርኳቸው። ሰርጉን፣ ልብሱን፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ከመደቡ ሊነሡ ሞከሩ፤ ለምን እንደሆነ ሲገባኝ ያዝኳቸው። እግሬ ላይ ሊወድቁ ነበር። "ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ" አሉ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩ። "እርስዎም ይቅር ይበሉኝ፤ የልጅዎን ልጅ ከልክያለሁ።"

ስናገረው ልቤ ውስጥ ምንም አልነበረም። አፌ ቀድሞ ነው የሄደው። በራሴ ጉልበት ቢሆን አልለውም ነበር፤ ከማን እንደተሰጠኝ አውቃለሁ። ውኃ አሙቄ፣ ጨው ጨምሬ፣ ስንጥሩን ፈትቼ እግራቸውን አጠብኩ። እያጠብኩ ሳለሁ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። ከቀብርህ በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጠዋት "ሐኪም ቤት እንሂድ" ስላቸው "አንቺ ከወሰድሽኝ" አሉ። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ እስከ አምደወርቅ አወረዱልን። ከሐኪም ቤት ሲወጡ ወደ ቤታችን ወደ ሰቆጣ ይዣቸው መጣሁ። እግሩ ተርፏል፤ ያነክሳሉ፣ በምርኩዝ ይሄዳሉ።

ሁሉ ነገር ሰላም ሆነ ብዬ አልዋሽህም። ወጥ ላይ ጨው ይበዛል ይሉኛል፣ በሩን ክፍት ይተዉታል፣ ኽምጣናዬን ማርታ ፊት ያርሙኛል። አንዳንድ ቀን እየሰፋሁ ያ አሥር ቀን ይመጣብኛል፤ እጄ መኪናው ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ይቅርታውን ከንፈሬ ሥር እንደገና እላለሁ። ትናንት ብዬው ነበር። ከዚያ ሥራዬን እቀጥላለሁ። በፍልሰታ ሦስታችንም ቆረብን፤ ማርታ በመሃላችን ነበረች።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ባለፈው እሑድ እናትህ እስከ አሥር ዓመትህ ድረስ አህያ ትፈራ እንደነበር አወሩልን። አህያ ስታይ ዛፍ ላይ ትወጣ ነበር አሉ። የእንስሳት ሐኪሙ! ማርታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን ተገረምኩ፤ አሥራ ሁለት ዓመት አብሬህ ስኖር ይህን አልነገርከኝም። ከእኔ በፊት የኖርከውን ዕድሜህን የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው። በር ስዘጋባቸው አንተንም በግማሽ ዘግቼብህ ነበር።

አሁን ማርታ ደብተር ይዛ አያቷን ትጠይቃለች፤ በኽምጣና የነገሯትን በአማርኛ ትጽፋለች። እኔ ያላወቅሁትን አስናቀን በየሳምንቱ እየተዋወቅሁት ነው። ከእንግዲህ ስምህን የማነሣው ከእናትህ ጋር ነው፤ እርሳቸው ሲያልፉም እኔና ማርታ እናነሣዋለን። አልረሳህም።

ባለቤትህ
አልማዝ