ቁልፉን ልቀቁ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? ያ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ውኃ ማመላለስ ቀረልሽ ወይስ ቧንቧው አሁንም የሚመጣው ሲያሻው ነው? ቀበጧ ልጅሽስ? ማንበብ ጀመረች ወይስ መጽሐፉን ዘቅዝቃ ይዛ ነው እስከ ዛሬ የምታነብልሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ በአዲሱ ሥራቸው እንዴት ናቸው? ድሮ ጀልባ ላይ ሲወጡ ሆዳቸው ይገላበጥ ነበርና አሁን ለመዱት? እማዬስ? ዓይኗ እንደነበረው ነው ወይስ የቀኙም ደከመ? እህል ትቀምሳለች? እንቅልፍ ይወስዳታል? የእሷን ነገር ልጠይቅ ብል ወረቀቱ አይበቃኝም፤ እንደምታስቢው ስለ እሷ ሳላስብ ውዬ አላውቅም።

እኔን ከጠየቅሽኝ በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ። ባሕር መውጣቱን ግን ትቻለሁ። ወደቡ ዳር ባለ አንድ ረጅም ክፍል ውስጥ ከአምስት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ የተቀደደ መረብ እጠግናለሁ። መረቡ ከጣሪያው ማገር ላይ ይንጠለጠላል፤ እኛ ከሥሩ በርጩማ ላይ ተቀምጠን በፕላስቲክ መርፌ ቀዳዳ በቀዳዳ እንከተለዋለን። ሥራው ወሬ ይወዳል፤ እኔ ግን አላወራም። ይህን ስታነቢ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ከተወለደ ጀምሮ አፉን ዘግቶ የዋለው ቶንሲሉን የታመመ ቀን ብቻ ነው እያልሽ ስትቀልጂብኝ ኖረሻል። ሽማግሌዎቹ ግን ከዚህ ሌላ ስለማያውቁኝ ዝምተኛ ሆኜ የተፈጠርኩ ይመስላቸዋል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰባት ሳምንት ሆነው። ጋሼ ሰው በሚያሻግረው ጀልባ ላይ ሲቀጠሩ በእጅ የሚያዝ የመገናኛ ራዲዮ እንደተሰጣቸው፣ አጠቃቀሙን ግን ደህና አድርጎ ያስረዳቸው ሰው እንዳልተገኘ ነግረሽኛል። አንተ የራዲዮ ሰው ነህና ጻፍላቸው አልሽኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። መዘግየቴ ከስንፍና አይደለም። ስለ ራዲዮው ከጻፍኩ ሌላውንም መጻፌ የማይቀር ሆኖብኝ ነው።

በመጀመሪያ የጋሼን ጥያቄ ልመልስ። እዚህ ስንቀጠር የወደቡ ራዲዮ ተቆጣጣሪ የሆነች ሴት ግማሽ ቀን አሠልጥናን ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ቀልድ እየወረወርኩ ሰውን ሳስቅ ዋልኩ። ወንድማችን ጭምቱ ግን እንደ ልማዱ ከፊት ተቀምጦ የተናገረችውን ሁሉ ጻፈ። ደብተሩ እኔ ጋ ነው። አሁን የምጽፍልሽ የእሱን እጅ ጽሑፍ እያየሁ ነው።

ባትሪው ማታ ተሞልቶ ይደር። ጀልባው ከመንቀሳቀሱ በፊት ራዲዮውን ከፍተው ሰው ይጥሩበትና እሰማሃለሁ የሚል መልስ ያግኙ፤ መብራቱ በራ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። ሳጥን ውስጥ ወይም ቦርሳ ውስጥ አያስቀምጡት። በገመድ ከነፍስ አድን ጃኬታቸው ጋር ይሰሩት፤ ሰው ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ሳጥኑን ይዞ አይወድቅም። ሲናገሩ አንቴናው ወደ ላይ ቀጥ ይበል፤ ራዲዮው ከአፋቸው አንድ ጋት ያህል ይራቅ። የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭነው ትንፋሽ ያህል ይታገሱና ሳይጮኹ ረጋ ብለው ይናገሩ። አንዱ ቻናል ለጭንቅና ወደቡን ለመጥራት ብቻ የተተወ ነው፤ እዚህ አሥራ ስድስት ቁጥር ነው፣ የእነሱን ከአለቆቻቸው ይጠይቁ። እሱን ሁልጊዜ ያዳምጡ እንጂ ወሬ አያውሩበት። ጭንቅ ከመጣ ሜይዴይ ብለው ሦስት ጊዜ ይጥሩ፤ ቀጥለው የጀልባቸውን ስም፣ ያሉበትን ቦታ፣ ምን እንደደረሰባቸውና ስንት ሰው እንደሆኑ ይናገሩ። ከዚያ ቁልፉን ይልቀቁና ያዳምጡ። ቁልፉ እንደተጫነ ራዲዮው ከማንም አይሰማም። ጭምቱ በዚህኛው መስመር ሥር ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

አሁን ስለ ላስቲኩ ልንገርሽ። መረብ ስንጎትት ሁለት እጃችን ስለሚያዝ ራዲዮውን መጫን አይመችም። ስለዚህ የዓሣ ካርቶን የሚታሰርበትን ወፍራም ላስቲክ በመናገሪያው ቁልፍ ላይ ጠምጥመን፣ ቁልፉ እንደተጫነ እንዲቆይ አድርገን እናወራ ነበር። በሌሎቹ ጀልባዎች ያሉት ሥራ እየሠሩ ይሰሙናል። ይህ የተደረገው ለወሬ በተውነው በሰባ ሁለት ቁጥር ቻናል ላይ ነው፤ ማንንም አይጎዳም እንል ነበር። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከሁሉም ይልቅ የማወራው እኔ ስለሆንኩ ጣቢያው የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር፤ በስሙም ደስ ይለኝ ነበር። ጭምቱ አንድ ቀን ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ያንን ላስቲክ ብትተወው አለኝ። አንተ ደግሞ አንድ ቃል ስትናገር የሚያልቅብህ ይመስልሃል ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

የዚያን ቀን ጠዋት ጉም ነበር። የእኛ ጀልባና የእሱ ጀልባ ሃያ ደቂቃ ቢያስኬድ ነው፣ ግን አንተያይም። በጉም ቀን እያንዳንዱ ጀልባ ራሱን ለወደቡ የሚያስታውቀው በአሥራ ስድስት ነው፤ እኔም አስታወቅሁ። ከዚያ ወደ ሰባ ሁለት ለመመለስ የቻናል መቀየሪያውን ቁልፍ የተጫንኩ መሰለኝ። ወፍራም ጓንት አድርጌ ነበር፤ የነካሁት ሌላ ቁልፍ ነውና ራዲዮው አሥራ ስድስት ላይ ቀረ። ቁጥሩን ጎንበስ ብዬ ማየት የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ አይወስድም ነበር፤ አላየሁም። ላስቲኩን ጠመጠምኩና መረቡን እየጎተትኩ ወሬዬን ጀመርኩ። የካፒቴናችን ትልቁ ራዲዮ ከእኔው ወሬ የተነሳ ሁልጊዜ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነው የሚውለው፤ እሱም አልሰማም። አርባ ደቂቃ አወራሁ።

በእነ ጭምቱ ጀልባ ላይ የነበሩት እሱና የሞተር ሠራተኛው ብቻ ናቸው። ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ የሚያስገባው ቧንቧ ተበጥሶ ጀልባው ከውስጥ ይሞላ ነበር። ጭምቱ ደብተሩ ላይ እንዳለው አደረገ። ሦስት ጊዜ ጠራ፣ የጀልባውን ስም፣ ቦታውን፣ ሁለት ሰው መሆናቸውን ተናገረ፤ ቁልፉን ለቀቀ። የእሱ ጥሪ ከእኔ ወሬ ጋር እየተጋጨ ወደቡ የደረሰው ቁርጥራጩ ነው። ተቆጣጣሪዋ ሴት አንድ ሰው እየተጣራ እንደሆነ ገብቷት ቁልፉን ልቀቁ፣ ቁልፉን ልቀቁ ስትል ነበር። እኔ ልሰማት አልችልም። ካፒቴኑ ከመሪው ክፍል ሲወጣ የራዲዮዬን ቁጥር አይቶ ላስቲኩን በቢላዋ ቆረጠው፤ ያኔ የእሷ ድምፅ ወጣ። ስትጮህ ቆይታ ድምፅዋ ሰልሏል።

ጀልባቸው ከዚያ ቀደም ብላ ሰምጣ ነበር። ጭምቱ የሞተር ሠራተኛው ዋና እንደማይችል ያውቅ ነበርና የምትንሳፈፈውን አንዷን የዓሣ ሳጥን ለእሱ ሰጥቶ፣ ራዲዮውንም ከራሱ ጃኬት ፈትቶ በእሱ ላይ አሰረለት። ቻናሉ ከተለቀቀ በኋላ ሰውየው እጁ በብርድ ስለደነዘዘ ቁልፉን በጥርሱ እየተጫነ ጠራን። ቦታውን ግን አያውቅም፤ የሚያውቀው ጭምቱ ነበር፣ እሱ ደግሞ ያን ጊዜ በብርዱ አንደበቱ ታስሮ ነበር፤ የሚሰማው በሌለበት ጊዜ ደጋግሞ ተናግሮታል። ፈልገን ያገኘናቸው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ወንድማችን ጃኬቱን እንደለበሰ ከሳጥኑ አጠገብ ነበር፤ አልሰመጠም፣ ብርዱ ነው የወሰደው። እኔ ነኝ ወደ ጀልባችን የሳብኩት። ይሞቀዋል ብዬ ደረቴን ከፍቼ እስከ ወደቡ ድረስ አቅፌው ተቀመጥኩ።

እትዬ፣ ድንገት ማዕበል መጣ፣ ለመጣራት እንኳ ጊዜ አላገኘም ብዬ የጻፍኩላችሁ ውሸት ነው። ጊዜ ነበረው። ለመርማሪዎቹ በዚያው ሳምንት ሁሉንም ተናግሬያለሁ፤ ከባሕር ሥራ ያገዱኝም ለዚህ ነው። ለእናንተ ግን መናገር አቃተኝ። አንቺ መልሰሽ እንኳን አልተሠቃየ፣ እንኳን አንተ አጠገቡ ነበርክ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያንን ደብዳቤ በአንድ ቤት ከእኔ ጋር ማሳደር ስላልቻልኩ አጣጥፌ መረብ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ትቼዋለሁ።

የሞተር ሠራተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ክፍሌ መጣ። ሁለት አልጋና አንድ መደርደሪያ ያለባት ጠባብ ክፍል ናት፤ ሳልነግረው ሄዶ ጭምቱ ይተኛበት የነበረው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ለብዙ ጊዜ ጓንቱን ሲያገላብጥ ቆየ። ልንገርህ ወይስ ይቅር አለኝ። ንገረኝ አልኩት።

ጭምቱ ቁልፉን ለቅቆ ባዳመጠ ቁጥር ከራዲዮው የሚወጣው የእኔ ድምፅ ነበር። በዚያ ሰዓት የማወራው የአጎታችንን ጥርስ ነገር ነው፤ የታመመው ቀርቶ ደህናው የተነቀለበትን፣ አንቺም መቶ ጊዜ የሰማሽውን። ሰውየው ይህ ሰው ማን ነው፣ ለምን አይለቅም ብሎ ሲጮህ ጭምቱ ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣ «ወንድሜ ነው። ይቺን አውቃታለሁ፣ ሊጨርስ ነው» አለው።

ጠበቀኝ፣ እትዬ። ውኃው ጉልበቱ ላይ ደርሶ ቀልዴን እስክጨርስ ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ ያንን ጨርሼ፣ በእኛ ጀልባ ላይ ያሉት ሲስቁ ደስ ብሎኝ፣ ሌላ ጀመርኩ። ሰውየው እንደሚለው በኋላም ሲጣራ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ቢሰድበኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ለጋሼ ይህን ሁሉ እንዲያውቁ ንገሪያቸው። ያየሁት ነገር ቢኖር ማንም ሰው ራዲዮን የሚፈራው ይበላሻል ብሎ እንጂ ደህና ሆኖ ሳለ ሰው ይገድላል ብሎ አይደለም። ከተናገሩ በኋላ ቁልፉ ተመልሶ መነሳቱን በጣታቸው ይዳብሱ። ራዲዮው ላይ እንዳይቀመጡበት፣ ቁልፉ ከቀበቷቸው ጋር እንዳይጣበቅ። ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገሩና ቻናል በቀየሩ ቁጥር ቁጥሩን በዓይናቸው ይዩት፤ ጣታቸውን አይመኑ። እዚህ እኔ በየጀልባው እየዞርኩ ላስቲኮቹን ሰብስቤያለሁ። አንዳንዱ ፊቴን ሳያይ ይሰጠኛል። አንዱ ግን ጣቢያው መጣ ብሎ ቀለደ፤ ከዚያ አፉን በእጁ ያዘ። አልተቀየምኩትም።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ደብዳቤዬን ለእማዬ የምታነቢላት አንቺ ነሽ፤ የሚከብደውን እየዘለልሽ፣ የጎደለውን ከራስሽ እየጨመርሽ እንደምታነቢላትም አውቃለሁ። ስታዝኚላት ነው። ይህንን ግን አንድ ቃል ሳትዘልዪ አንብቢላት። ልጇ ለመጣራት ጊዜ ያጣ ሳይሆን በደንብ የተጣራ፣ ለጓደኛው ሳጥኑን የሰጠ ሰው መሆኑን መስማት ይገባታል። እኔን ለማትረፍ ብዬ የእሱን ግማሽ ደብቄባታለሁ። ካነበብሽላት በኋላ ማልቀሷን አትከልክያት፤ ስለ እኔ የምትለውንም አታለዝቢው፤ እንዳለችው ጻፊልኝ።

ለጋሼ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ በሰላም ወጥተው በሰላም ይግቡ። ቀበጧን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትልቁ አጎቷ ጭምቱ ቃል የገባላትን ባለ ቀለም እርሳስ ከመደርደሪያው ላይ አግኝቼዋለሁ፣ እልክላታለሁ። አጎታችንን ሰላም በይልኝ፤ የእሱን ታሪክ ከእንግዲህ እንደማልናገር ግን አትንገሪው፣ ምክንያቱን ይጠይቅሻል። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን፣ ለቅሶ የደረሱንን ሁሉ፣ አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ።

ለእማዬም ሰላም በይልኝ ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። ሁለት ወንድ ልጆች አሉኝ እያለች ስትኖር አንዱ ሲጣራ አንዱ እያወራ አልሰማውም። እሷ ሁሉንም ሰምታ ሰላም በይልኝ ያለችሽ እንደሆነ፣ እትዬ፣ ያንን ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ላኪልኝ። ካላለችሽም ባዶውን ወረቀት ላኪልኝ፤ ይገባኛል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከወደቡ፣ ከመረብ ጠጋኞች ክፍል
የካቲት 11 ቀን