ለሊቀመንበሩ፦ ስለ ማታ ሩጫዬና ስለ ከረጢትዎ

ለተከበሩ የሰፈራችን ሊቀመንበር ለአቶ ያን ቺንሻን፣
ታይፔ

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ክብርት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከበረንዳዎ ላይ ቁልቁል የሚያየን ድምፅ ማጉያዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ኮ ቢዩን እባላለሁ፤ አራስ ልጄን ላርስ ከታይቱንግ የመጣሁ እንግዳ ነኝ። በእርስዎ ቸርነት ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛልና ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ የምሮጠው ወድጄ አይደለም። በአገሬ በየዓመቱ የባሕር ዳር ሩጫ አለ። ዓምና ገና መንገዱን ሳላጋምስ፣ ከኋላ እየተከተለች የደከመ ሯጭ የምትለቅመው መኪና ደርሳ ለቀመችኝ፤ መጨረሻው ላይ ይጠብቁኝ የነበሩት አብሮ አደጎቼም ከመኪና ስወርድ አጨበጨቡልኝ። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዘንድሮ በገዛ እግሬ ሳልጨርስ እነሱ ፊት አልቀርብም ብዬ ስለማልሁ፣ ልጄን የሰሊጥ ዘይት የገባበት የዶሮ ሾርባዋን አጠጥቼ፣ ሕፃኑ ሲተኛልኝ፣ አመሻሽ ላይ ወጥቼ እሮጣለሁ።

ሁለተኛ፣ ያቺ ሰዓት የቆሻሻ መኪናውም ሰዓት ሆና ተገኘች። የቆሻሻ ከረጢት መንገድ ላይ እንዳይቀመጥ፣ ሁሉም መኪናው ሙዚቃውን እያሰማ ሲመጣ ወርዶ በገዛ እጁ እንዲጥል መደረጉ የሚያስመሰግን ሥርዓት ነው። ችግሩ፣ በዚያ ሙዚቃ መሐል የምትሮጥ ሴት ያየ ሁሉ መኪናው ያመለጣት ይመስለዋል። መጀመሪያ ደጋጎች በየት በኩል እንደታጠፈ በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር። በኋላ ወይዘሮ ሹ የሚባሉ አዛውንት ከደረጃው ሥር ያዙኝና «እትዬ፣ መቼም መሮጥሽ ካልቀረ ይቺንም ያዥልኝ፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አሉኝ። ጉልበቱ ለከዳው ሰው እምቢ አይባልምና ያዝሁላቸው። በማግሥቱ ጎረቤታቸው ጠበቁኝ፤ የእኚያ ጎረቤት ጉልበት ደግሞ ከእኔ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ለእርስዎ አቤት ማለቴ። ሻይ ቀድተው፣ አንገትዎን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ እንዴት ያለ አድማጭ ሹም አገኘን ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ። በዚያው ምሽት ድምፅ ማጉያዎ እንዲህ አለ፦ «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ከታይቱንግ የመጡ አንዲት ደግ እናት በየምሽቱ እየሮጡ ያግዙናል። ደረጃ የከበዳችሁ ከረጢታችሁን ይዛችሁ በር ላይ ጠብቋቸው። አደራ፣ እንዳያመልጧችሁ።» ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ በየበሩ እቆማለሁ እንጂ ሮጥሁ አልልም፤ ውድድሩም እሑድ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ አልቅሻለሁ።

የቀረውን መቁጠር ትቻለሁ። ዛሬ አመሻሽ ላይ ክብርት ባለቤትዎ ከአጥርዎ በር ብቅ ብለው፣ በፈገግታ፣ የራስዎን ከረጢት አስያዙኝ። መኪናው ዘንድ ስደርስ ሠራተኛው አገላብጦ አየውና መለሰልኝ። «እናቴ፣ ይሄ የገበያ ከረጢት ነው፤ ከተማው ፈቅዶ በሚሸጠው ካልሆነ አንቀበልም» አለኝ። «እንግዳ ነሽ መሰለኝ፤ ሥርዓቱን ሊቀመንበሩን ጠይቂያቸው፣ ያስረዱሻል።» ሰፈሩ በሙሉ እኔን አየ። ስምዎ ከአፌ አልወጣም፤ ሹምን ማሳጣት ነውር ነው። ይልቅ መኪናው ሲንቀሳቀስ ከረጢትዎን እንደያዝሁ፣ ልለምነው፣ እግሬ አውጪኝ ብዬ ተከተልሁት። አንዱን መንገድ ጨርሼ ሁለተኛውን፣ እሱንም አልፌ እስከ ድልድዩ ድረስ ሳልቆም ሮጥሁ። አልደረስሁበትም። ነገር ግን በዕድሜዬ እንዲህ ሮጬ አላውቅም፤ ይህን ያህል መኪና ካባረርሁ፣ እሑድ እኔን የምታባርረኝ መኪና አትደርስብኝም። ለዚህ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ፤ ልጄም የአራስነት ወሯ ስለሞላ አገሬ ልገባ ነው።

ሹመትዎን ያዳብርልዎ፤ ጆሮዎን እንደ ድምፅ ማጉያዎ ያበርታልዎ።

እግሯንም እጇንም ለሰፈርዎ ያዋለች፣
አክባሪዎ ኮ ቢዩን

ግልባጭ፦ ለሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ ከረጢትዎን አደራ ሳልበላ መልሼ በበርዎ እጀታ ላይ አንጠልጥዬልዎታለሁ። እንደ ሽታው ከሆነ የዓሣ ጭንቅላት ነው። ነገ ረቡዕ ስለሆነ መኪናው እንደማይመጣ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ እኔም በጠዋቱ ባቡር እሄዳለሁ።