ከስሙ በታች ያለው

ወለቃ፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ሰማዩ ጠርቷል፤ ነፋሱ ግን ከደባርቅ በኩል ብርድ ይዞ ይወርዳል። ቁስቋም የዓለምወርቅ ቤት የነበርነው፦ እሷ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ሽማግሌ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር፣ እኔም በጓሮ በኩል።

ለዐይኔ ብርሃን ለልጄ ለአባይነሽ፣

ደኅንነትሽን ከአላፊ አግዳሚው እየጠየቅሁ ከረምሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ጭቃ ስረግጥ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል እንጂ እጄ አልደከመም። የምጽፍልሽ አንቺ የቤት ሥራሽን ስትሠሪ ከጎንሽ ሆኜ በለቀምኋት ፊደል ነውና ግድፈቱን እለፊው።

የዓለምወርቅ ለድግስ ሁለት ጋን አዝዛኝ ነበር። የማን ድግስ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ተማሪ ሳለሽ ቁስቋም ቤቷ ስላስቀመጠችሽ ውለታዋ አለብኝ። ዛሬ አንዱን አዝዬ ገባሁ። እንግዶቹ ሳሎን ሆነው ዘር ያስቆጥራሉ። ጋኑን አውርጄ ልወጣ ስል ስምሽን ሰማሁ።

«በአባቷ በማሩ በኩል ሰባት ቤት ቆጠርን፤ ከልጃችን ጋር አይገናኙም» አሉ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ። «በእናቷ በኩል እንግዲህ አንቺው ቁጠሪልን።»

የዓለምወርቅም የራሷን አያት ቅድመ አያት ቆጠረች። አንድም ቦታ አልተደናቀፈች። ማሩ ሟች ባሏ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ትምህርት ቤት ስትገቢ ባልና ሚስቱ «የሸክላ ሠሪ ልጅ እንዳይሏት በማሩ ስም ትመዝገብ» ሲሉኝ እሺ ብዬ ነበር። ለትምህርት ቤት ብቻ መስሎኝ።

«አንዲት ሴትዮ አሳድጋታለች ሲባል ሰምተናል» አሉ ሌላው ሽማግሌ።

«ሞግዚቷ ነበረች። ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ሁሉም። እኔም ከማድቤቱ በር ሆኜ ሰማሁት።

የዓለምወርቅ ወደ ማድቤት ስትመጣ ጠበቅኋት።

«ምነው፣ እኔ መቼ ሞትሁ?»

«ቀስ በይ እንኳየሁ፣ ይሰሙሻል።»

«የሞተች ሴት ምን ድምፅ አላት?»

«እኔ ከሆዴ አላመጣሁትም። ልጅሽ ናት የላከችብኝ። የልጁ ወገኖች የሸክላ ሠሪ ልጅ ቡዳ ናት ይላሉ፣ እናቴ ሁኑልኝ ብላ።»

«ስለ እኔስ ምን በሉ አለች?»

መሬት መሬቱን እያየች «ሞታለች በሉ አለች» አለችኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ አምና ለገና መጥተሽ ያወራነውን ሳስብ መጣሁ። ሸክላ ሳለሰልስ አጠገቤ ተቀምጠሽ ስለ ሥራሽ አጫወትሽኝ። ኮምፒዩተር ያልሽው መኪና በውስጡ እንደ ግቢ አጋፋሪ ያለ አዛዥ አለው። እናንተ የምትጽፉት የትእዛዝ ዝርዝር፣ ፕሮግራም የሚባለው፣ ጽሑፍ የሚቀዳበትን ቴፕም ማተሚያውንም በገዛ እጁ አይነካም፤ አዛዡን ጠርቶ ነው የሚያስደርገው። አሴምብሊ በምትሉት በመኪናው ቋንቋ ስትጽፉ አጠራሩ ብዙ መስመር ነው፦ ይህን እዚህ አስቀምጥ፣ ያን እዚያ አድርግ፣ ከዚያ ጥራ፣ መልሱን ጠብቅ። አንዲት መስመር የረሳ ሥራው ይቋረጥበታል። አንቺ መስመሮቹን አንድ ጊዜ ጽፈሽ ስም አወጣሽላቸው። ማክሮ ይባላል አልሽኝ። ጓደኞችሽ ስሙን ብቻ ይጽፋሉ፤ መስመሮቹን መኪናው ራሱ ይዘረጋቸዋል።

«ከስሙ በታች ያለውን ብትለውጪውስ?» ብዬ ጠየቅሁሽ።

«የሚጽፈው ሰው በምን ያውቃል? ስሙ ያው ነው፤ የሚወጣው ሌላ» ብለሽ ሳቅሽ። ከማክሮዎቹም አንዱን እንኳየሁ እንዳልሽው፣ ቢሮው ሁሉ ሲጠራኝ እንደሚውል ነገርሽኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁት።

ጥያቄዬ ዛሬ ተመለሰልኝ። እናቴ የሚለውን ስም አልፋቅሽውም። ከሥሩ እኔን አውጥተሽ የዓለምወርቅን ከነዘር ማንዘሯ አስገባሽበት።

ልጄ፣ ለሠርጌ አትምጪ ብትይኝ እቀር ነበር። ርቀሽ ቁሚ ብትይኝ ርቄ እቆም ነበር። መሞቴን ግን ከሰው አፍ መስማት አልነበረብኝም።

ነገ ሁለተኛውን ጋን አደርሳለሁ። ሽማግሌዎቹ ገና አልሄዱም። አንድ ቃል ብናገር ጋብቻው ይፈርሳል። እናገር እንደሆነ፣ ዝም እል እንደሆነ፣ እስካሁን አላውቀውም።

ትዳርሽን በእሳት አልፎ እንደጠና ሸክላ ያድርግልሽ። ውለጂ፣ ክበጂ። ያን በስሜ የጠራሽውን ማክሮ ግን እንዳለ ተይው። እዚያ እንኳ ይጥሩኝ።

እናትሽ እንኳየሁ

ኅዳር ፳፭፣ ጠዋት።

ፀሐይ ሳትወጣ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብሁ። ጋኑን በመጫኛ አዝዬ ቁስቋም ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ለመንገድ ተነሥተው በረንዳው ላይ ቆመዋል። የዓለምወርቅ ስታየኝ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ጋኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «በዚህ የሚጠመቀውን ጠላ ጠጥተን እስክንጨርስማ ሙሽሮቹ ይወልዳሉ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እቴ፣ የአገሩ ሰው ነሽና ልጅቱን ታውቂያታለሽ?» አሉኝ።

«አውቃታለሁ።»

«ጠባይዋ እንዴት ነው? ማንን ትመስላለች?»

«እናቷን» አልኋቸው።

የዓለምወርቅን ዞር ብለው አዩና «እንግዲያ ልጃችን ታድሏል» አሉ።

ጋኑን ከትናንቱ ጎን በማስቀመጫው በማቶቱ ላይ አስተካክዬ አቆምሁት። መጫኛዬን ጠቀለልሁ። በጓሮ በኩል ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ፣ ትናንት ያራስሁትን ጭቃ ረገጥሁ።